የጠያቂው ቃልና የጠያቂው ጉዳይ

ሰው በልቡ ያለውን ሁሉ በአፉ አሟልቶ ለመናገር የሚችል ፍጥረት አይደለም። ልቡ የሞላበት ሰው አፉ ይጐድልበታል፤ ያዘነ ሰው ነገሩን ከመካከል ይጀምራል፤ ያፈረ ሰው ዋናውን ትቶ ዳር ዳሩን ይዞራል፤ በባዕድ አገር የቆመ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ቃል እንኳ ይረሳል። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ ነውና የሚያስነውር አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው ጉዳዩን ይዞ ወደ አንድ በር በመጣ ጊዜ፥ በበሩ ለቆመው አገልጋይ ከባድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ይኸውም፦ ልፈጽምለት የሚገባኝ የተናገረውን ቃል ነው ወይስ ያልተናገረውን ጉዳይ ነው? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ የእኛ የእንግዳ ተቀባዮቹ ብቻ አይደለም። በባንክ መስኮት የሚቀመጠው፥ በአየር መንገድ ቢሮ ትኬት የሚቈርጠው፥ በሐኪም ቤት ካርድ የሚያወጣው፥ ቀኑን ሙሉ በስልክ «ምን ልታዘዝ?» እያለ የሚውለው ወጣት ሁሉ ይጋራዋል። ዓለም ይህን ሥራ «የደንበኞች አገልግሎት» ብሎ ይጠራዋል፤ አባቶቻችን «እንግዳ መቀበል» ይሉታል። ስሙ ቢለያይም ፈተናው አንድ ነው። በዚህ ማረፊያ ቤት ከሚያርፉት ተሳላሚዎችም መካከል በእንዲህ ያለው ሥራ የሚተዳደሩ ብዙዎች ስለሆኑ፥ በነገሩ ላይ ጥቂት ቃል መጻፍ አይከፋም ብዬ አሰብሁ።

በመጀመሪያ ጥያቄ የሚደባለቅበትን ምክንያት እንመልከት። አንደኛው ምክንያት፥ አንድ ቃል በተናጋሪውና በሰሚው ዘንድ ሁለት ሆኖ መገኘቱ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓትን ከንጋት ጀምረን እንቈጥራለን፤ የኢየሩሳሌም ሰው ግን እንደ ቀረው ዓለም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቈጥራል። ስለዚህ የአውቶቡሱ ነጂ «በዘጠኝ እንነሣለን» ያለውን ቃል ሳይመረምር ለአገሩ ሰው እንዲሁ የሚያቀብል አገልጋይ፥ ከጧቱ በሦስት ሰዓት ሊነሣ የሚገባውን ተሳላሚ እስከ ከሰዓት በኋላ አርፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። በዘመን አቈጣጠርም እንደዚሁ ነው። በእኛና በአውሮፓውያን አቈጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፥ ቪዛው የሚያልቅበትን ዓመት በአገሩ አቈጣጠር አንብቦ ብዙ ጊዜ ያለው የሚመስለው ሰው አጋጥሞናል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የማልረሳው የ«ዮርዳኖስ» ነገር ነው። በአማን ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅታችን ለመሳለም መጥታ ነበር። የምትመለስበት ቀን በደረሰ ጊዜ «ወደ ዮርዳኖስ የሚሄድ መኪና ፈልጉልኝ» አለችን። እኛም በማግሥቱ ወደ ጥምቀቱ ስፍራ ከሚወርዱት ተሳላሚዎች ጋር አሳፈርናት። እርስዋ ዮርዳኖስ ያለችው አገሩን ነበር፤ እኛ የሰማነው ወንዙን ነው። ልትሄድ የሚገባት ወደ አለንቢ ድልድይ ሲሆን፥ ያደረስናት ጌታ ወደ ተጠመቀበት ውኃ ዳር ነው። ሁለቱም ስፍራዎች በኢያሪኮ አቅራቢያ፥ በአንዱ ወንዝ ላይ ይገኛሉ፤ ነገር ግን አንደኛው መጠመቂያ፥ ሁለተኛው መሻገሪያ ነው። ድልድዩ በጊዜ የሚዘጋ ስለሆነ ያን ቀን መሻገር አልቻለችም፤ አሠሪዎችዋ የሰጡዋት ፈቃድም በዚያው ዕለት አለቀ። የተናገረችው ቃል ትክክል ነበር፤ የሰማነውም ቃል ትክክል ነበር፤ ጉዳይዋ ግን ጠፋ።

ሁለተኛው ምክንያት ኀፍረትና ፍርሃት ነው። ገንዘብ ያለቀበት ሰው «ገንዘብ አለቀብኝ» አይልም፤ «የዚህ ቤት ምግብ እስከ ስንት ሰዓት ይቀርባል?» ብሎ ይጠይቃል። ጕልበቱን የሚያመው ሽማግሌ፥ ከጓደኞቹ እንዳይቀር ስለሚፈራ፥ «ወደ ጎልጎታ የሚያስወጣው ደረጃ ብዙ ነውን?» ይላል። ደረጃውን ቈጥሮ የሚነግረው ሰው መልስ ሰጠው እንጂ አልረዳውም። ሦስተኛው ምክንያት ደግሞ ጠያቂው ራሱ ጉዳዩን ገና አለማወቁ ነው። ብዙ ሰው የሚፈልገውን የሚያውቀው እየተናገረ ነው እንጂ ከመናገሩ በፊት አይደለም። ስለዚህ የተደባለቀ ጥያቄ የሰነፍ ሰው ምልክት ሳይሆን በመወለድ ላይ ያለ ሐሳብ ነው። አዋላጅም ሕፃኑ ስለ ዘገየ እናቲቱን አትቈጣም።

እንዲህ ባለው ጥያቄ ፊት ሁለት ዓይነት አገልጋዮች ይሳሳታሉ። ፊተኛው ቃሉን ብቻ የሚይዝ ነው። እርሱ የተባለውን ያደርጋል፤ ነገሩ በተበላሸም ጊዜ «እርስዎ ያሉኝን ፈጽሜአለሁ» ይላል። መዝገቡ ንጹሕ ነው፤ የሰውየው ጉዳይ ግን እንደ ተበላሸ ነው። ይህ ሰው የሚያገለግለው እንግዳውን ሳይሆን ራሱን ከወቀሳ የሚያድንበትን ምክንያት ነው።

ሁለተኛው አገልጋይ ገማቹ ነው። ይህ ከፊተኛው የሚሻል ይመስላል፤ የሰውን ችግር ለማወቅ ይጥራልና። ሰው ቃሉን ሳይጨርስ «ገብቶኛል» ይላል። ብዙ ዘመን በሥራው ላይ ስለቈየ ብዙውን ጊዜ ግምቱ ይሠምርለታል። ነገር ግን በሠመረለት ስለሚመካ የሳተውን አያይም። ቃሉን ብቻ የሚይዘው ሰው ቢያንስ የእንግዳውን ቃል ያከብራል፤ ገማቹ ግን በእንግዳው አፍ ራሱ ይናገራል። እኔ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነበርሁ፤ ይህንንም ያወቅሁት በአንዲት እናት እንባ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በዐቢይ ጾም መጨረሻ፥ ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት፥ ከአገር ቤት ብዙ ተሳላሚዎች በአንድነት ገቡ። በዚያን ጊዜ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ተመድቤ የመኝታ ቍልፍ የማድለው፥ ፓስፖርት የምመዘግበው፥ ተሳላሚዎችም በጸሎት እንዲታሰቡላቸው የሚያመጡትን የዘመዶቻቸውን ስም የምጽፈው እኔ ነበርሁ። እንደሚታወቀው ወደ ኢየሩሳሌም የሚመጣ ሰው ብቻውን አይመጣም፤ የመንደሩን ሁሉ የክርስትና ስም በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። መዝገቡም ሁለት ወገን አለው፤ በቀኝ የሕያዋን፥ በግራ የሙታን ስም ይጻፋል። የሙታኑ በጸሎተ ፍትሐት ጊዜ ይነበባል።

ሰዉ ተሰልፎ ሳለ ጥቁር የለበሱ አንዲት አረጋዊት እናት ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። መስቀል ተሳልመው «አባቴ፥ የሰው ስም የተጻፈበት መዝገብ እናንተ ዘንድ ይገኛል ይላሉ፤ እውነት ነውን?» አሉኝ። እኔም «የተጻፈበት» ያሉትን «የሚጻፍበት» ብዬ ሰማሁ። ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ይህንኑ ነበርና ጆሮዬ ሌላ ቃል ለመቀበል የተዘጋጀ አልነበረም።

«አለ እናቴ፤ ስሙን ይንገሩኝ» አልኋቸው።

የክርስትና ስም ነገሩኝ። የአንድ ወንድ ስም ነው።

«የሕያዋን ነው ወይስ የሙታን?» ብዬ ጠየቅሁ።

እናቲቱም ዝም አሉ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እርሱንስ የምታውቁት እናንተ አይደላችሁምን?» አሉኝ።

ይህን ቃል የእርጅና ንግግር አድርጌ ቈጠርሁት። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ይገፋል፤ አንዱ ቍልፍ ጠፋብኝ ይላል፤ ሌላው ሻንጣዬ አልደረሰም ይላል። የለበሱትን ጥቁር ልብስ አየሁና ነገሩ ገባኝ አልሁ፤ በግራው ወገን ስሙን ጻፍሁ። ከዚያም «ተጽፏል እናቴ፤ ሄደው ይረፉ» አልኋቸው።

«ተጽፏል?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ። «አዎን፥ ተጽፏል» አልሁ። እናቲቱም ወደ ምድር ወድቀው ስመው እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ሄዱ። ስለ አንድ ስም መጻፍ ይህን ያህል ደስታ ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም፤ የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ።

በማግሥቱ ሌሊት ጸሎተ ፍትሐት ሲደርስ የሙታን ስም ተነበበ። ያ ስም በተጠራ ጊዜ ከሴቶች ወገን አንድ ጩኸት ተሰማ፤ እናቲቱም ወደቁ። ሰዎች አንሥተው ወደ ውጭ አወጡዋቸውና ውኃ ሰጡዋቸው። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ባዩኝ ጊዜ የቀሚሴን ጫፍ ይዘው የጠየቁኝ ይህን ብቻ ነበር፦ «አባቴ፥ መቼ ዐረፈ? ማን ቀበረው?»

የእናቲቱ ታሪክ እንዲህ ነበር። አንድ ልጃቸው በሱዳንና በሲና በረሃ አድርጎ ወደዚህ አገር ለመግባት ከቤት ወጥቶአል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 የድንበሩ አጥር ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ በዚያ መንገድ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ አፍሪካውያን ገብተዋል፤ በበረሃው ውስጥ በወንበዴዎች እጅ ወድቀው የቀሩትም ብዙዎች ናቸው። ልጁ ከበረሃው አንድ ጊዜ በስልክ ተናግሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እናቲቱም ለዓመታት ገንዘብ አጠራቅመው ከተሳላሚዎች ጋር መጡ። በመንደራቸው አንድ ሰው «በኢየሩሳሌም ያሉ መነኰሳት የገባውን ሰው ሁሉ በመዝገብ ጽፈው ይይዛሉ» ብሎ ነግሯቸው ኖሮ፥ የእኛን ጠረጴዛ ሲፈልጉ ነበር። ይህንንም ለመንገድ ጓደኞቻቸው አልገለጹም፤ «ለነፍስዋ ሳይሆን ልጅዋን ልትፈልግ መጣች» እንዳይሏቸው አፍረው ነበር። ጥቁር የለበሱትም በዚያው ዓመት ለሞተው ባላቸው ነው።

አሁን የተነጋገርነውን ቃል መልሰን እንመልከተው። «የተጻፈበት መዝገብ» ሲሉ የጠየቁት ልጃቸው መምጣቱን ነው። «ሕያው ነው ወይስ የሞተ?» ባልሁ ጊዜ የልባቸውን ጥያቄ ወስጄ መልሼ ለእርሳቸው አቀረብሁባቸው። «የምታውቁት እናንተ አይደላችሁምን?» ያሉትም የእርጅና ንግግር ሳይሆን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከተነገረው ሁሉ የቀናው ቃል ነበር። እኔ «ተጽፏል» ስል ጻፍሁት ማለቴ ነው፤ እርሳቸው የሰሙት ከገቡት ጋር ስሙ ተመዝግቦ ይገኛል የሚል ነው። ስለዚህ በአንዲት ቃል አንድ ሌሊት ሙሉ የሐሰት ደስታ፥ በሁለተኛይቱ ንባብ ደግሞ የሐሰት ሐዘን ሰጠኋቸው። አንዱም በክፋት የተደረገ አልነበረም። ሁሉም የተደረገው «ገብቶኛል» በማለት ነው።

እኔም «እናቴ፥ ይቅር ይበሉኝ፤ ስለ ልጅዎ ምንም የማውቀው የለም፤ በሙታን መካከል የጻፍሁት መስሎኝ ነው» አልኋቸው። ለብዙ ጊዜ ፊቴን ተመለከቱ። ከዚያም «አታውቁም? ተመስገን!» አሉ። አለማወቄ ለሰው ምሥራች የሆነበት ቀን ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ አልሆነም።

ይህን ስሕተት ሳሰላስል ብዙ ጊዜ የሚታሰበኝ በልጅነቴ የተማርሁት ትምህርት ነው። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ለይተን፥ ከቃሉ በታች ያለውን ምሥጢር መፈለግ ተምረናል። በመጽሐፍ ቤትም መምህሩ አንዱን ንባብ በአንድ ፍቺ ብቻ አይተውም፤ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፥ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል። ይህን የተማረ ሰው በእንግዳ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሰውን ቃል እንዲሁ መስማት ይገባው ነበር። «ስም የተጻፈበት» ማለት አንድም የጸሎት መዝገብ፥ አንድም የእንግዶች መዝገብ፥ አንድም እናት ልጅዋን የምትፈልግበት ወረቀት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በዚያ ቀን ያለ አንድም ተረጐምሁ፤ የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ ይዤ ቀረሁ።

ይሁን እንጂ በመጽሐፍና በእንግዳ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። መምህራኑ ብዙ አንድም የሚያመጡት ነቢዩን ወይም ሐዋርያውን ጠርተው «ይህን ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብለው ለመጠየቅ ስለማይቻላቸው ነው። እንግዳ ግን በፊታችን ቆሞአል፤ ትንፋሹ ይሰማናል። ታዲያ ሊጠየቅ የሚችለውን ሰው ትቶ መገመት ምን ይባላል? እኔ እንደሚመስለኝ፥ ይህ የሰውን የመናገር ድርሻ መንጠቅ ነው። በመነሻችን ላነሣነው ጥያቄም መልሱ ከዚህ ይገኛል። የምንፈጽመው የጠያቂውን ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ወደ ጉዳዩ የሚያደርሰው መንገድ ራሱ የጠያቂው ቃል ነው እንጂ የእኛ ግምት አይደለም። ቃሉ ባይበቃ ሌላ ቃል እንዲጨምር እንጠይቀዋለን። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ይህንኑ ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተጻፈው፥ ካህኑ ዔሊ በሴሎ በቤተ መቅደሱ መቃን አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ሐና ስትጸልይ ተመለከተ። ከንፈርዋ ይንቀሳቀሳል፥ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ዔሊም ጠጥታ የሰከረች መስሎት ገሠጻት። እነሆ፥ በበር የተቀመጠ አገልጋይ፥ የብዙ ዘመን ልምድ ያለው፥ በዓይኑ ባየው ብቻ ፈረደ። ነገር ግን ዔሊ አንድ መልካም ነገር አደረገ። ሐና ያዘነች ሴት መሆንዋን በነገረችው ጊዜ ስሕተቱን ሊያጸድቅ አልተከራከረም፤ ወዲያው ባርኮ በሰላም አሰናበታት። የልመናዋንም ዝርዝር ሳያውቅ እግዚአብሔር ይፈጽምላት ዘንድ መረቃት። የጠያቂን ጉዳይ ፈጽመን ባናውቀው እንኳ ልንመርቀው እንደምንችል ከዚህ እንማራለን።

ወደ ኢያሪኮ የወረደ ተሳላሚ ሁሉ የዕውሩን የበርጤሜዎስን ታሪክ ያስታውሳል። ዕውር ሰው ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ ማን ነው? በመንገድ ያለው ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጌታችን ግን፥ ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር እርሱ፥ ያን ሰው ወደ ፊቱ አስቀርቦ ምን ሊያደርግለት እንደሚወድ ጠየቀው። ሰውየውም በገዛ አፉ ልመናውን ተናገረ። ሁሉን የሚያውቅ ከጠየቀ፥ ምንም የማናውቅ እኛ ሳንጠይቅ እንድንመልስ ማን ፈቀደልን?

በዚሁ በኢየሩሳሌም፥ ከአንበሳ በር ገባ ብሎ በቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በቍፋሮ የተገኘውን ቤተ ሳይዳ የተባለውን መጠመቂያ የሚጐበኝ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውስ። መጻጕዕ በዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት በሕመም ኖረ። ጌታችን ሊድን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። መልሱ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ ነበር። ሰውየው ግን ወደ ውኃው የሚያኖረው ሰው እንደሌለውና ሌላው እንደሚቀድመው ይተርክ ጀመር። የተጠየቀው አንድ፥ የመለሰው ሌላ ነው። እኛ ብንሆን «አባቴ፥ የጠየቅሁዎትን ይመልሱ» እንል ነበር። ጌታችን ግን የመልሱን መደባለቅ አልነቀፈም፤ በተደባለቀው ቃል ውስጥ የሠላሳ ስምንት ዓመት ብቸኝነት ሰማና ፈወሰው።

ስለ እኛ ስለ ኢትዮጵያውያንም ደግሞ የሕንደኬ ጃንደረባ አለ። እርሱ ለመስገድ ወደዚህች ከተማ መጥቶ የተመለሰ ተሳላሚ ነበር። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ባገኘው ጊዜ ያነበበውን ያስተውል እንደ ሆነ አስቀድሞ ጠየቀው። ጃንደረባውም ነቢዩ ስለ ማን እንደ ተናገረ ባልገባው ጊዜ ፊልጶስ ሌላ መጽሐፍ አላወጣም፤ ሰውየው ካነበበው ከዚያው ስፍራ ጀምሮ አስተማረው። የአገልጋይ ትምህርት ይህ ነው፤ ጠያቂው ካለበት መነሣት እንጂ እኛ ወዳለንበት እንዲመጣ ማዘዝ አይደለም።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ «ሰልፉ ረጅም ሲሆን ሁሉን ሰው መጠየቅ እንዴት ይቻላል?» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አለቃው ፈጥነህ ሥራ እያለ የሚያስጨንቀው የባንክ ወይም የስልክ ሠራተኛም ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ነገር ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደ ተባለው ነው። እኒያን እናት «ይህ የሚጠሩት ሰው ምንዎ ነው?» ብዬ ለመጠየቅ ከደቂቃ የሚያንስ ጊዜ ይበቃኝ ነበር። ስሕተቱን ለማቃናት ግን ቀናት ፈጀብኝ፤ የእናቲቱም ሌሊት በምንም አይመለስም። ደግሞም ሁሉን መመርመር አያስፈልግም። ቍልፍ የጠየቀ ቍልፉን ይቀበል። መጠየቅ የሚገባው ቃሉና ፊቱ ያልተስማሙለት ሰው፥ ወይም መልሱ ከጥያቄያችን ጋር ያልተገጣጠመ ሰው ሲያጋጥም ነው። ያ አለመገጣጠም ራሱ ደወል ነው። እኔ ደወሉን ሰምቼ የእርጅና ድምፅ ነው አልሁ።

ሁለተኛው መቃወሚያ፥ «ብዙ መጠየቅ የሰውን ምሥጢር መበርበር አይደለምን?» የሚል ነው። ይህም እውነት አለበት። ለማገልገል የሚጠይቅና ለማወቅ የሚጠይቅ ይለያያሉ። ለማገልገል የሚጠይቅ ሰው ጉዳዩን ለመፈጸም የሚበቃውን ያህል ብቻ ይጠይቃል፤ ሲበቃውም ያቆማል፤ የሰማውንም ለሌላ አያወራም። ገንዘብ ያለቀበትን ሰው «ስንት ቀረህ?» ማለት አያስፈልግም፤ «ከእኛ ጋር እራት ይቅመሱ» ማለት ይበቃል። የሚያፍረውንም ሰው በሰልፍ ፊት መጠየቅ አይገባም፤ ወደ ጥግ ወስዶ ዝግ ባለ ድምፅ ማነጋገር ይገባል። እኒያ እናት ጉዳያቸውን የሸሸጉት ከሰው ጆሮ ነበር፤ እኔ ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብዬ ነበር የጠየቅኋቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለራሴ ሦስት ነገር ሥርዓት አድርጌአለሁ። አንደኛ፥ ከመመለሴ በፊት የሰማሁትን በራሴ ቃል መልሼ እነግረዋለሁ፤ «እንዲህ ማለትዎ ነውን?» እላለሁ። ስሕተት ካለ በዚያው ይታረማል። ሁለተኛ፥ ሰዓትና ቀን፥ ስምና ቦታ ሲነገር በሁለቱም አቈጣጠር፥ በሁለቱም ስም እናገራለሁ፤ «ከጧቱ በሦስት ሰዓት፥ በዚህ አገር አቈጣጠር በዘጠኝ» እላለሁ፤ «ወደ ወንዙ ነው ወይስ ወደ አገሩ?» እላለሁ። ሦስተኛ፥ የማላውቀውን አላውቅም፥ የማይቻለውን አይቻልም እላለሁ። ሰውን ለማስደሰት ሲባል «ይሆናል» ማለት የተበደሩትን እንጀራ እንደ ማደል ነው፤ ዕዳው በኋላ በተቀባዩ ላይ ይመጣል።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ይመስላል። ገዳም የገባነው ለጾምና ለስግደት እንጂ ለጠረጴዛና ለቍልፍ አይደለም የሚል ወንድምም አይጠፋም። ነገር ግን ሰው በቀን አንድ ጊዜ እንኳ በትክክል ቢሰማ፥ ያን ቀን ብቻውን አልዋለም። እግዚአብሔር የእኛን የተደባለቀ ጸሎት በየዕለቱ ይሰማል፤ የማይጠቅመንን ስንለምን ይታገሠናል፤ ልንለምነው የሚገባንን ሳንለምነው ይሰጠናል። ይህን ትዕግሥት በየቀኑ የሚቀበል ሰው፥ በጠረጴዛው ፊት ለቆመው ወንድሙ ጥቂቱን ሊከፍል ቢነፍግ ምን ምክንያት ያቀርባል?

የእናቲቱን ነገር ልፈጽም። ከዚያ በኋላ አስቀድሜ ልጠይቅ የሚገባኝን ጠየቅሁ፤ ልጃቸው በዓለም የሚጠራበትን ስም፥ የተወለደበትን ቀበሌ፥ የወጣበትን ዓመት፥ በስልክ የተናገረውን የመጨረሻ ቃል። በበረሃው መንገድ የመጡ ወንድሞች በብዛት ወደሚኖሩበት ወደ ቴል አቪቭም ላክን። እናቲቱ እስኪመለሱ ድረስ ግን ምንም ወሬ አልተገኘም። በሚሄዱበት ጧት መዝገቡን ከፈትሁና ያን ስም ከግራው ወገን ሰረዝሁት። ከዚያም እስክሪፕቶውን እንደያዝሁ «እናቴ፥ ምን ላድርግልዎ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በሕያዋን መካከል ይጻፉልኝ» አሉኝ። «እኔና እርስዎ አናውቅም፤ በእርሱ ዘንድ ግን የሚጠፋ የለም።»

እኔም ጻፍሁ። ስሙ እስከ ዛሬ በቀኙ ወገን ይነበባል። አንባቢ ሆይ፥ ወደዚህ ቤት በመጣህ ጊዜ ጥያቄህ ቢደባለቅብህ አትፈር፤ እኛም ሳንሰማህ ብንመልስልህ ሁለተኛ ተናገር፥ ሦስተኛም ተናገር። በየመሥሪያ ቤቱ በመስኮትና በስልክ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶችም፥ በእያንዳንዱ ቃል ውስጥ የሰው ልጅ እንዳለበት አስቡ። ሰሚ ጆሮ፥ ታጋሽ ልብ፥ «አላውቅም» ለማለት የማያፍር አንደበት አምላካችን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።